ያደረ መልእክት ይጣል!

ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነን እንበል። ሹፌሩ በመስታወት ወደ ኋላ እያየ ረዳቱን «መጨረሻ ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል ላለችው 10 ብር መልስ ስጣት» ይለዋል። ረዳቱ ሾላ ላይ ከተራ አስከባሪ ጋር ተጣልቶ ይወርድና በዚያው ይቀራል። ልጅቷም እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ መልሷን ሳትቀበል እየተራገመች ትወርዳለች። ቦታዋን አንድ ጎረምሳ ይይዛል። ቀበና ላይ አዲስ ረዳት ይገባል። ሹፌሩ ትእዛዙን አልረሳም፤ «መጨረሻ ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል፣ 10 ብር መልስ!» ይላል። አዲሱ ረዳት ታዛዥ ልጅ ነው፤ ይሰጣል። ጎረምሳው ይቀበላል። ማን ይጠላል?

እንግዲህ ጥፋተኛው ማነው? ሹፌሩ የተናገረው እውነት ነበር። ረዳቱም የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ጎረምሳውን «ለምን ተቀበልክ?» ብሎ የሚወቅስ የዚህ ከተማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ያጠፋችው ያቺ ትእዛዝ ናት። ስትነገር ትክክል ነበረች፤ ስትፈጸም ግን አድራለች። እንጀራ ሲያድር ይሻግታል፣ ወጥ ሲያድር ይሸታል። ትእዛዝ ግን ቢያድርም መልኩ ያው ነው፣ ጠረንም የለውም። የሚያስፈራውም ለዚህ ነው።

ዛሬ የምንጣላው ከሶፍትዌር ሠሪዎች ጋር ነው። «ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ከርነል ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋችሁ?» ለምትሉን መልሳችን አጭር ነው፦ ያደረ መልእክት በሕይወት ያለ ሰው አስገድሎናል። ታሪኩን እንነግራችኋለን። መጀመሪያ ግን ስለ ሹፌሩና ስለ ረዳቱ።

ሹፌርና ረዳት

ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ልቡ ከርነል ይባላል። ከርነሉ ውስጥ ዲስኩን፣ ኔትወርኩን፣ ሌላውንም ዕቃ የሚነዱ ክፍሎች አሉ፤ ስማቸው ድራይቨር ነው፤ በእኛ ቋንቋ ሹፌር። ከርነል ውስጥ አንድ ስህተት ከተሠራ ማሽኑ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሹፌሮቹ ሁሉንም ነገር እዚያ ውስጥ አይሠሩም። አንዳንዱን ሥራ ከከርነሉ ውጪ፣ ተራ ፕሮግራሞች በሚኖሩበት ሰፈር ላለ ረዳት ይሰጣሉ። ሰፈሩ ዩዘር ስፔስ ይባላል። ከጀርባ ሆኖ የሚሠራውን እንዲህ ያለ ረዳት ፈረንጆቹ «ዴሞን» ይሉታል። (ስሙን እኛ አላወጣንም፤ ጸበል እንዳትረጩን።)

ምሳሌ እንስጥ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ ያለው ፊውዝ ሙሉ የፋይል ሲስተም በተራ ፕሮግራም እንዲሠራ ያደርጋል፤ ከርነሉ «ይህን ፋይል አንብብልኝ» ሲል ረዳቱ ያነባል። ኤንኤፍኤስ በኬርቤሮስ ሲጠበቅ ከርነሉ የተጠቃሚውን ማረጋገጫ የሚጠይቀው ጂኤስኤስዲ የሚባል ረዳትን ነው። በማይክሮሶፍት ሃይፐር ቪ ላይ እንግዳ ሆኖ የሚሠራ ሊኑክስ ደግሞ አስተናጋጁ ማሽን የሚልክለትን ትእዛዝ በሹፌሩ በኩል ተቀብሎ ለረዳቶቹ ያስተላልፋል። አንዱ ረዳት የአይፒ አድራሻ መቀየርን የመሰለ ሥራ ይሠራል። ሌላው ባክአፕ ሲነሳ ዲስኩን ለአፍታ ያስቆማል።

ረዳት ተራ ፕሮግራም ስለሆነ ይሞታል። ሚሞሪ ሲያልቅ ይገደላል፣ የራሱ ስህተት ይጥለዋል፣ ወይም አንድ ሰው ሲስተሙን ሲያድስ ያጠፋዋል። በሞተባት ደቂቃ መልእክቶቹ ከሦስት ቦታ በአንዱ ናቸው። ወይ ገና ወረፋ ላይ ናቸው፤ ወይ ረዳቱ ተቀብሎ እየሠራባቸው ነበር፤ ወይ ሥራው አልቆ መልሱ ብቻ ቀርቷል። አዲስ ረዳት ሲመጣ እነዚህ ሦስቱ ምን ይደረጉ? ይህን ጥያቄ ሲጀመር ያልመለሰ ሹፌር ቀን ቆጥሮ ጉድ ይሠራል።

በሕይወት ያለውን ሰው እንዴት ገደልነው?

በአንድ ወቅት በሠራንበት የሬዲዮ ዝግጅት ክፍል (ስሙ ይቅር) አንድ ማታ፣ በመኪና አደጋ የተጎዳን ሰው «ሕይወቱ አልፏል» ብለን አነበብን። ሰውየው አልሞተም፤ ሆስፒታል ተኝቷል። እህቱ ደወለች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «እናታችን ሰምታለች» ብቻ ነው ያለችው።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገብተን ዜናውን አረምነው። «ሕይወቱ አልፏል» የሚለውን አጥፍተን «ጉዳት ደርሶበት በሕክምና ላይ ይገኛል» አልን፤ ይቅርታም ጨመርንበት። «ሴቭ» ስንል ክቧ መሽከርከር ጀመረች። ኔትወርካችን ሁሌም ቀርፋፋ ስለሆነ ልብ አላልናትም፤ ወደሚቀጥለው ዜና አለፍን። 1 ሰዓት ላይ ዜና አንባቢው ስቱዲዮ ሆኖ ፋይሉን ከፈተ። ያለ ምንም ችግር ተከፈተለት። የተከፈተለት ግን የማታው ነበር። አንድን ሰው በአንድ ሌሊት ሁለቴ ገደልነው።

ሰርቨሩን የሚይዘው ልጅ ነገሩን ፈልፍሎ ሲያወጣው እንዲህ ነው። ሰርቨራችን በሃይፐር ቪ ላይ የሚሠራ፣ ከተጫነ ጀምሮ ያልታደሰ ሊኑክስ ነበር። ሌሊት ባክአፕ ሲነሳ አስተናጋጁ ማሽን «ዲስኩን ፍሪዝ አድርግ» ብሎ ይልካል። ሹፌሩ ለረዳቱ ያስተላልፋል። ፍሪዝ የተደረገ ዲስክ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ «ልቀቅ» የሚለው ትእዛዝ እስኪመጣ የሚጽፍ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ደንቡ ለአጭር ጊዜ ነው።

ያን ሌሊት ዲስኩ ሥራ በዝቶበት ረዳቱ ዘገየ። ሹፌሩ ረዳቱን የሚጠብቅበት ገደብ አለው፤ ለፍሪዝ 15 ደቂቃ ነው። ገደቡ ሲያልፍ ለአስተናጋጁ «አልተሳካም» ብሎ መለሰ፤ አስተናጋጁም ባክአፑን ተወው። ረዳቱ ይህን አያውቅም። ከብዙ ትግል በኋላ ፍሪዝ አድርጎ «ጨርሻለሁ!» እያለ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሹፌሩ «የጠየቀህ የለም» ብሎ መልሱን በኤረር መለሰበት። የዚያ ዘመን ረዳት ደግሞ መልሱን የሚቀበለው ካጣ ሎጉ ላይ አንዲት መስመር ጽፎ ከሥራ ይወጣ ነበር። ወጣ። ዲስኩ ግን እንደታሰረ ቀረ። «ልቀቅ» ቢባል እንኳ የሚለቅ የለም። የሞተው ረዳት ነው፤ ቁልፉም ከእሱ ጋር ሄደ።

እዚህ ላይ ሹፌሩን አንወቅስም። ያደረ መልስ አልቀበልም ማለቱ ትክክል ነው። ቢቀበለው ኖሮ ያለቀለትን ባክአፕ «ተሳክቷል» ሊያስብል ይችል ነበር። የምንወቅሰው ግማሽ መንገድ ላይ መቆሙን ነው። መልእክቱ ተጣለ፤ መልእክቱ ያስከተለው ድርጊት ግን አልተቀለበሰም። የረዳቱ ኮድ ኋላ ላይ ተስተካክሏል፤ አሁን የፍሪዝ መልሱ ተቀባይ ካጣ ዲስኩን ራሱ ይለቅና ሥራውን ይቀጥላል። ጥቂት መስመር ኮድ ናት። በዚያች ጥቂት መስመር ጉድለት ግን አንዲት እናት የልጇን ሞት በጠዋቱም ሰማች።

«ምንም አይጥፋ» ባዮች

ይህን ስናወራ ሁሌም የሚገጥመን አንድ ወገን አለ። «መልእክት መጣል ነውር ነው» ይላል። «ወረፋ ላይ አስቀምጠው፤ አዲሱ ረዳት ሲነሳ ይረከባል። ምንም አይጥፋ።» ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ታማኝነትም ይመስላል።

እስቲ በእኛው ሰርቨር ላይ እንሞክረው። «ፍሪዝ አድርግ» የምትለዋ ትእዛዝ ወረፋ ላይ ሆና ረዳቱ ይሞታል። አስተናጋጁ ጠብቆ ጠብቆ ይተዋል። ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ ሰው ረዳቱን ያስነሳዋል። አዲሱ ረዳት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያያት ያቺን ትእዛዝ ነው። ታዛዥ ነው፤ ይፈጽማታል። «ልቀቅ» የሚል ግን አይከተልም፤ የላካት ማሽን ከረሳት ቆይቷል። ምንም አልጠፋም፤ ዲስኩ ብቻ ታሰረ!

የአይፒውንም ተመልከቱ። ሃይፐር ቪ አንዱ ጣቢያ ወድቆ ቅጂው ሌላ ቦታ ሲነሳ፣ ለተነሳው ማሽን አዲስ አድራሻ በዚሁ በረዳት በኩል ሊሰጠው ይችላል። ረዳቱ በዚያች ሰዓት ከሞተና አስተዳዳሪው አድራሻውን በእጁ ካስተካከለ በኋላ ያቺ ያደረች ትእዛዝ ብትፈጸም፣ ማሽኑ ከኔትወርኩ ይጠፋል። አስተዳዳሪው ፀጉሩን ይነጫል፤ በእጁ ያስገባውን ማን እንደቀየረው አያውቅም። የቀየረው «ምንም አይጥፋ» የሚለው ወዳጃችን ነው።

እዚህ ላይ ልዩነቱ ይለይ። ትእዛዝ ከጠያቂው ጋር የታሰረ ነው። ጠያቂው ተስፋ ቆርጦ ከሄደ ትእዛዙም አብሮት ሄዷል። «አልተሳካም» ብሎ ቶሎ መመለስ ጠያቂውን ማክበር ነው፤ አሁንም ከፈለገ ራሱ በአሁኑ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ እንደገና ይጠይቃል። ዝም ብሎ ይዞ ቆይቶ ከሦስት ሰዓት በኋላ መፈጸም ግን በሰው ስም መወሰን ነው።

«ሪስታርት አድርገው» ባዮች

ሁለተኛው ወገን ሰነፍ ነው፤ እኛም ስንፍናውን ስለምናውቀው እንወደዋለን። «ረዳቱ ከሞተ ራሱ እንዲነሳ አድርገው፣ አለቀ» ይላል። ሲስተምዲ ላይ አንዲት መስመር ነው።

ሪስታርት ረዳቱን ያስነሳል፤ የረዳቱን ትዝታ አያስነሳም። አዲሱ ልጅ የቀድሞው ምን ጀምሮ እንደነበር፣ የትኛውን ዲስክ እንዳሰረ፣ የትኛውን ፋይል ግማሽ እንደጻፈ አያውቅም። ሹፌሩ ደግሞ አሮጌውንና አዲሱን ካልለየ አሮጌውን ወሬ ለአዲሱ ያወራዋል። ረዳቱ በየሦስት ደቂቃው እየሞተ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ የምትገድለው ያቺ የተበላሸች መልእክት ራሷ ልትሆን ትችላለች፤ ይነሳል፣ ያነባታል፣ ይወድቃል። እንደገና ይነሳል፣ ያነባታል፣ ይወድቃል። ይህን አዙሪት ሪስታርት አይሰብረውም። መጣል ይሰብረዋል።

መፍትሔው የት እንዳለ የሃይፐር ቪ ሹፌሮች ራሳቸው አሳይተዋል። ድሮ ከረዳቶቻቸው ጋር የሚነጋገሩት ኔትሊንክ በሚባል መንገድ ነበር፤ ረዳቱ መሞቱን የሚያውቁበት ቀጥተኛ መንገድ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2015 እያንዳንዱ ረዳት የሚከፍተው የራሱ የዲቫይስ ፋይል ተሰጠው። ረዳቱ ሲሞት ያ ፋይል ይዘጋል፤ ሹፌሩም በዚያችው ቅጽበት ያውቃል። ያኔ ሦስት ነገር ያደርጋል። ሳይነበብ የቀረውን መልእክት ይጥላል። በመጠባበቅ ላይ ላለው አስተናጋጅ «አልተሳካም» ይላል። ከዚያ አዲስ ረዳት መጥቶ ራሱን እስኪያስተዋውቅ ድረስ ወደ መነሻው ይመለሳል። ተስካር የለ፣ ውርስ የለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ማሽኑ ሃይበርኔት ከማድረጉ በፊት ሹፌሩ ራሱ «ልቀቅ» የሚል መልእክት ፈጥሮ ለረዳቱ እንዲሰጥ ተደረገ፤ ምናልባት ዲስክ አስሮ ከሆነ እንዲፈታ። ይህን ነው የምንለው፤ መልእክቱን ጣሉ፣ ያስከተለውንም ቀልብሱ።

«የጊዜ ገደብ አለን» ባዮች

ሦስተኛው ወገን ብልህ ነው። «30 ሰከንድ ገደብ አድርገናል፤ ካለፈ እንተወዋለን» ይላል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን እናንተ የተዋችሁትን ረዳቱ አልተወውም። አንደኛውን ጥያቄ ትተው ሁለተኛውን ሲጠይቁት፣ እሱ ገና የአንደኛውን መልስ ይዞ ይመጣል። መልእክቶቹ ቁጥር ከሌላቸው ሹፌሩ የአንደኛውን መልስ ለሁለተኛው ጥያቄ ይቀበላል። «የዲስኩ ሁኔታ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆ የአይፒ አድራሻ ሊመለስለት ይችላል፤ ያ እንኳ ይታወቃል። የሚያስፈራው ሁለቱም ጥያቄ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። «ደህና ነው» የሚለው መልስ የትኛውን ደህና እንዳለ ማን ይለያል?

ፊውዝ ይህን ከልቡ አስቦበታል። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ቁጥር አለው፤ መልሱም ያንኑ ቁጥር ይዞ መምጣት አለበት። የማይታወቅ ቁጥር ይዞ የመጣ መልስ በር ላይ ይመለሳል። ረዳቱ ሞቶ ግንኙነቱ ሲዘጋም በመጠባበቅ ላይ ያሉት ጥያቄዎች በሙሉ ኤረር ይዘው ወደ ጠያቂያቸው ይመለሳሉ፤ ማንም በሞተ ረዳት ደጃፍ ላይ ተሰልፎ አይቀርም። የጂኤስኤስዲ መንገድም ጨዋ ነው። ረዳቱ ጭራሽ ካልነበረ ጥያቄው በኤረር ይመለሳል። ረዳቱ ኖሮ ከሞተ ግን በእጁ የነበረው በኤረር ይመለሳል፣ ወረፋ ላይ የቆመው ደግሞ «እንደገና ሞክር» ይባላል። ለአዲሱ አይተላለፍም። ልብ በሉ፤ «እንደገና ሞክር» የሚባለው ለጠያቂው ነው። መሞከሩን የሚወስነው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን እናምናለን

ሐቀኛ እንሁን፤ ሁሉም መልእክት ቢጣል ደህና ነው አንልም። አንድ ሰው «ይህን ፋይል ጻፍ» ብሎ ረዳቱ መሐል ላይ ቢሞት፣ ያ ጽሑፍ የሰው ንብረት ነው። (በተለይ እርማት ከሆነ፣ እኛ እናውቃለን።) እንዲህ ላለው ጉዳይ ደግሞ መላክ ይገባል። ሲላክ ግን በግልጽ ይላክ። ሊኑክስ 6.9፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ፊውዝ ላይ ይህንኑ ጨመረ፤ ግንኙነቱ ተጠብቆ ከቆየ አዲሱ ረዳት «ያልተመለሱትን እንደገና ላክልኝ» ማለት ይችላል። ሁለት ነገር ተመልከቱ። የጠየቀው ረዳቱ ነው፤ ሳይዘጋጅ አልተጫነበትም። ዳግም የተላከው ጥያቄም ቁጥሩ ላይ ምልክት አለው፤ «ይህ ቀደም ብሎ ተልኮ ነበር፣ ምናልባት ግማሹ ተሠርቶ ይሆናል» ማለት ነው። ያደረ ምግብ «ያደረ ነው» ተብሎ ከቀረበ የሚበላው ያውቃል። ትኩስ ነው ተብሎ ሲቀርብ ነው ሆድ የሚቆርጠው።

ለእኛ ከተማ ልጆች

«እዚህ ድራይቨር የሚጽፍ ማነው?» ትሉ ይሆናል። ድራይቨር የሚጽፈው ብዙ ላይሆን ይችላል። ከወረፋ ላይ መልእክት እያነሳ የሚሠራ ፕሮግራም ያልጻፈ የሶፍትዌር ልጅ ግን እስቲ ፈልጉ። ቴክስት የሚልክ፣ ክፍያ የሚያስተላልፍ፣ ትእዛዝ የሚያደርስ ሁሉ ሹፌርና ረዳት አለው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ረዳት በአንዴ ይነሳል፤ ወረፋው ላይ ያደረውም ሁሉ ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

የማረጋገጫ ቁጥር በቴክስት ዘግይቶ የደረሳችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ስታስገቡት «ጊዜው አልፏል» ይላችኋል። እናንተ ትናደዳላችሁ፤ እኛም እንናደዳለን። ግን ያቺ ቁጥር ስትወለድ የምትሞትበት ሰዓት አብሮ ተሰጥቷታል። መልእክቶቻችሁን እንዲሁ ውለዷቸው።

ልመናችን ይኸው ነው፤ አራት ብቻ። ረዳቱ መሞቱን በዚያችው ቅጽበት የምታውቁበት መንገድ ይኑራችሁ። የጠያቂውን እጅ አታስረዝሙ፤ «አልተሳካም» በሉት። ለእያንዳንዱ መልእክት ቁጥር ስጡት፤ ቁጥሩን የማያውቁት መልስ አይግባ። ረዳቱም መልሱን የሚቀበለው ሲያጣ ያሰረውን ፈትቶ ይውጣ።

በዚያ ቀን ሰርቨሩ በግድ ጠፍቶ ተነሳ። የጠዋቱ እርማት የለም፤ ፍሪዝ የሆነ ዲስክ ላይ ሊጻፍ ሞክሮ በዚያው ቀርቷል። እንደ አዲስ ጻፍነው። በ7 ሰዓቱ ዜና ተነበበ። ለእህቱም ደወልን፤ አነሳች። «ሰምተናል» አለች። የትኛውን እንደሰሙ አልጠየቅናትም።

ቸር እንሰንብት።